ፖላሮይድ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ? (ጣና ዳር ለሚሠራ ፎቶ አንሺ)

የወደቡ ልጅ፦

ሰላም ለቤቱ። ባሕር ዳር ነኝ፤ የሠርግና የመናፈሻ ፎቶ እያነሳሁ ነው የምኖረው። እንጀራዬ በዲጂታል ነው። ቤት ግን ሁለት የፊልም ካሜራ አለኝ። አንዷ ዜኒት ኢ ናት። አባቴ ፖሊቴክኒክ ሲማር ከሩሲያዊ መምህሩ የገዛት ናት፤ የቆዳ ቦርሳዋ ሳይቀር አለ። ሁለተኛዋ ፖላሮይድ 600 ናት፤ ውጭ የምትኖር አክስቴ ባለፈው ወር ያመጣችልኝ።

ነገሩን ያስነሳብኝ የጥር ወር ሠርግ ነው። ሙሽሮቹን ጣና ዳር ሳነሳ የሙሽራው አያት አጠገቤ ቆመው ያዩ ነበር። ለብቻቸው አነሳኋቸውና ስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። ደስ አላቸው። «መቼ ትሰጠኛለህ?» አሉኝ። ለልጅዎ በቴሌግራም እልካለሁ አልኳቸው። «ለኔስ?» አሉ። ስልክ የላቸውም፤ ከአዴት ማዶ ነው የመጡት፤ በማግሥቱ ሄዱ። ያቺ «ለኔስ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ናት።

ስለዚህ እዚያው የሚወጣ ፎቶ ልጀምር አሰብኩ። ሦስት ነገር ጨንቆኛል። ፖላሮይዷን ብጫናት ድምፅ የላትም፤ ሞታ ይሆን? ፊልሙ ከዓለም ሊጠፋ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ገንዘቤን አፍስሼ ከሁለት ዓመት በኋላ ወረቀት ባጣስ? ደግሞ ዜኒቷ በ500 (በሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ ፍጥነት) ሳነሳ የፎቶውን አንድ ጎን ጥቁር ታደርገዋለች። እዚህ ከተማ የሚነካት ሰው አለ?

ሽምብጥ ሰፈር፦

ለመጀመሪያው እኔ ልመልስልህ፤ ካሜራህ አልሞተችም። የ600 ባትሪ ካሜራው ውስጥ አይደለም፤ ከፊልሙ ጋር እሽጉ ውስጥ ነው። ፊልም ካልጎረሰች ድምፅ አታሰማም። ስትገዛ ግን ተጠንቀቅ፤ «አይ ታይፕ» የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የወጣው ባትሪ የለውም፤ ለአዲሶቹ ካሜራዎች ነው። አንተ «600» ተብሎ የተጻፈበትን ብቻ ነው የምትገዛው። እሽጉ 8 ወረቀት ነው የሚይዘው።

የኬሚስትሪ መምህር፦

ሁለተኛው ጥያቄህ ሰፊ ነው፤ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ፖላሮይድን የፈጠረው ኤድዊን ላንድ ነው፤ የመጀመሪያዋ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1948 ቦስተን ውስጥ ተሸጠች። ከካሜራው አፍ ወጥታ እጅህ ላይ ቀስ በቀስ የምትገለጠው ግን ከ1972ቱ ኤስ ኤክስ 70 ነው የምትጀምረው። አንዷን ወረቀት ገልብጠህ እያት። ነጩ ክፈፍ ከታች በኩል ይሰፋል፤ የሚሰፋው ለጽሕፈት እንዳይመስልህ፤ ውስጡ የፈሳሽ ከረጢት አለ። ወረቀቷ ስትወጣ ሁለት ሮለሮች ከረጢቱን ያፈርጡና ፈሳሹን በንብርብሮቹ መካከል እኩል ይዘረጉታል። ፈሳሹ ሥዕሉን ብቻ አያጥብም፤ በራሱ ላይ ጨለማ ያነጥፋል፤ ቀን ለቀን ፀሐይ ላይ እያለች ፊልሟ ብርሃን የማይነካት ለዚህ ነው። ሥራው ሲያልቅ ጨለማው ይገፈፋል፤ ቀለሙ ይታያል። አንድ ሙሉ ጨለማ ክፍል ውፍረቱ ከካርቶን በማይበልጥ ነገር ውስጥ ታጥፏል።

ችግሩም ከዚህ ይነሳል። ይህን ወረቀት አንድ ሰው ጓሮው ሊሠራው አይችልም። የፖላሮይድ ኩባንያ በ2001 ከሰረ፤ በ2008 ፊልም ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። ሆላንድ ውስጥ ኤንስኬዴ የምትባል ከተማ ያለውን የመጨረሻ ፋብሪካ ማሽኖች ጥቂት ሰዎች ገዝተው አተረፉት፤ ድርጅታቸውን «የማይቻል» ብለው ሰየሙት። ማሽን ኖሯቸው እንኳ ፊልሙን ወዲያው ማምረት አልቻሉም፤ ምክንያቱም ለፖላሮይድ ኬሚካል ያቀርቡ የነበሩት ፋብሪካዎች ምርታቸውን አቁመዋል። ቀመሩን እንደ አዲስ መፈልሰፍ ነበረባቸው። በ2010 የወጣው የመጀመሪያ ፊልማቸው ከካሜራው ሲወጣ በእጅ መጋረድ ነበረበት፤ ያ የሚያነጥፈው ጨለማ ገና አልተሳካላቸውም። ቀስ እያሉ አሻሽለውት ዛሬ ፖላሮይድ የሚለውን ስም ራሱን ይዘውታል።

ሌላው የጃፓኑ ፉጂፊልም ነው። ኢንስታክስ ሚኒ በ1998 ወጣ፤ በ2002 ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ካሜራ ሸጦ ነበር፤ በ2004 ወደ መቶ ሺህ አሽቆለቆለ። ያኔ ቢዘጉት ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። አልዘጉትም፤ ዛሬ የኩባንያው ትልቅ ገቢ ሆኖ የማምረቻ መስመር እየጨመሩለት ነው። ኮዳክም ሞክሮ ነበር፤ በ1976 ገበያው ገባ፣ ፖላሮይድ በፈጠራ መብት ከሰሰው፣ በ1986 ተረትቶ ወጣ፣ በኋላም ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። እንግዲህ ይህን ሥራ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ናቸው ማለት ነው፤ ኤንስኬዴና ጃፓን።

የኔ ፍርድ፦ ኢንስታክስ በቅርብ ጊዜ አይጠፋም፤ ሻጩ ብዙ ነው። ፖላሮይድም ቆሟል፤ ግን በአንድ ፋብሪካ እግር ነው የቆመው። ለደስታህ ግዛው። የእንጀራህን ገመድ ግን በአንድ ፋብሪካ ምሰሶ ላይ ብቻ አትሰር።

ጉርድ ፎቶ፦

ልጄ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ በዚህ ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፎቶ ቤት ነበረኝ። መምህሩ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ በእጄ ያየሁትን ልጨምር።

ለመታወቂያ የሚሆን አስቸኳይ ጉርድ የምናነሳበት አራት ሌንስ ያለው ፖላሮይድ ነበረኝ። አንድ ጊዜ ስትጫን አራት ጉርድ። ወረቀቱን በእጅህ ጎትተህ ታወጣለህ፣ ሰዓት ይዘህ ትቆጥራለህ፣ ከዚያ አንዱን ከአንዱ ትላጣለህ። ክረምት ጠዋት ሲቀዘቅዝ ሥዕሉ ገርጥቶ ይወጣል፤ እሱን ለማዳን በብብታችን ሥር አድርገን እናሞቀው ነበር። ደንበኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ እኛ በብብታችን ፎቶውን ይዘን ጫወታ እናጫውተዋለን። መሥሪያ ቤት ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው እየሮጠ የመጣውን ስንቱን አድርሰነዋል።

ያ ፊልም የመጨረሻ አምራቹ ፉጂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት ማቆሙን አስታወቀ። ካሜራዬ እስከ ዛሬ ደህና ናት፤ ሌንሶቿ እንደ መስተዋት ናቸው። የምትጎርሰው ግን የለም። ስለዚህ መምህሩ «አንድ ምሰሶ» ሲሉ እኔ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ዜኒትህን በሚመለከት፦ በ500 ጎኑ የሚጠቁረው ሁለተኛው መጋረጃ ፊተኛውን ሮጦ ስለሚደርስበት ነው። የዜኒት ሻተር ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ሁለት መጋረጃ፣ አንዱ ይከፍታል አንዱ ይዘጋል። ዘይቱ ሲደርቅ ፊተኛው ይጎተታል። ብዙ ሰው ከታች ያለውን ክዳን ይፈታና የመወጠሪያ ብሎኖቹን ዝም ብሎ ያጠብቃል፤ አታድርገው። መጀመሪያ የደረቀው ዘይት መጽዳት አለበት፤ ሳይጸዳ ብትወጥረው ጨርቁ ይቀደዳል፤ ምትክ ጨርቅ የት ታገኛለህ? እስከዚያው በ125 ሥራባት። በላይዋ ያለው የብርሃን መለኪያ ባትሪ አይፈልግም፣ በሴሌኒየም ነው የሚሠራው፣ ግን በዕድሜው ደክሟልና አትመነው። በኛ የቀትር ፀሐይ 100 ፊልም ካጎረስካት ፍጥነቱን 125፣ የሌንሱን ቀዳዳ 16 አድርግ፤ ዋርካ ጥላ ሥር ቀዳዳውን 5.6።

የሚጠግን ሰው ለጠየቅከው፦ ሦስት ነበርን። አንዱ ዐረፈ፣ አንዱ ዓይኑ ደክሟል። እኔ አለሁ።

ቴክ ባሕር ዳር፦

ሁላችሁንም አክብሬ ነው፤ ግን ነገሩን እያካበድነው አይመስላችሁም? የሙሽራው አያት የፈለጉት ወረቀት ነው። በዲጂታል ያነሳኸውን በቦርሳ በሚያዝ ትንሽ ማተሚያ እዚያው አትመህ ስጣቸው። ካልተሳካ ትደግማለህ፤ ወረቀት አይባክንም። አንድ የፖላሮይድ ወረቀት ዛሬ ከአንድ ሰው ምሳ ይበልጣል። ፊልም ናፍቆት ነው፤ ናፍቆት ደግሞ ሥራ አይሆንም።

የኬሚስትሪ መምህር፦

ለአያትየው ያልከው ትክክል ነው፤ ለሠርግ እኔም ማተሚያውን እመርጣለሁ። እንዲያውም ፉጂ ከስልክ ላይ ኢንስታክስ ወረቀት የሚያወጣ ማተሚያ አለው፤ ያልተሳካውን ሳታትም ትተዋለህ። «ናፍቆት ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ናፍቆት ቢሆን ኖሮ ፔንታክስ እ.ኤ.አ. በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ አይሠራም ነበር። ፔንታክስ 17 ይባላል፤ ግማሽ ፍሬም ነው፣ ማለትም ባለ 36 ፊልም 72 ፎቶ ይሰጥሃል፤ ፊልም ለተወደደበት ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። እንግሊዝ ያለው ሃርማን በ2023 መጨረሻ አዲስ የቀለም ፊልም አወጣ። ኮዳክም በ2012 ከስሮ ተነስቶ ሮቼስተር ላይ እስከ ዛሬ ፊልም ያመርታል፤ አንዱ ያቆየው የሲኒማ ሰዎች ፊልም መግዛታቸውን አለማቆማቸው ነው። እውነቱን ለመናገር የካሜራው ወገን ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ። ካኖን የመጨረሻውን የፊልም ካሜራ ሽያጭ በ2018፣ ኒኮን በ2020 አቁመዋል። አብዛኛው ሰው የሚያነሳው አባቶቻችን በገዟቸው ካሜራዎች ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ ያላቸው ሰርኪዩታቸው ሲቃጠል አበቃላቸው። እንደ ዜኒት ያሉ በሞላና በጥርስ ብቻ የሚሠሩት ናቸው ጠጋኝ ካገኙ የሚኖሩት። ስለዚህ ጋሼ «እኔ አለሁ» ያሉት ለኔ ከፋብሪካው ዜና ይበልጣል።

የእንስራ ውኃ፦

ጥቁርና ነጭ ቤቴ የማጥብ ሴት ነኝ፤ ሁለት ቃል ልበል።

ከላይ ያላችሁት ሁሉ ስለ ፋብሪካ ነው። ጥቁርና ነጭ ግን ፊልሙ እንጂ እጥበቱ በማንም ፋብሪካ እጅ አይደለም። ገንቢው (ዴቨሎፐሩ) ሲጠፋብኝ በቡና ነው የማጥበው። ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ሮቼስተር ቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ የተገኘ ዘዴ ነው፤ ካፌኖል ይባላል። ለአንድ ሊትር ውኃ 54 ግራም የልብስ ሶዳ፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም የሚሟሟ ቡና። በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ። ሶዳው ነጭ የሆነው ደረቁ ነው፤ ለመጋገሪያ የሚሆነው አይሠራም። ሽታው ይከብዳል፤ መስኮት ክፈቱ። የዘጌን ቡና አፍልቼ ሞክሬ ነበር፤ ሥዕሉ ወጣ ግን ደካማ ነው፤ አፍልተን የምናወጣው ቡና ውስጥ የምንፈልገው አሲድ ያንሳል። ርካሹ የሚሟሟ ቡና ይሻላል። የዘጌውን ጠጡት። ማቆያውን (ፊክሰሩን) ግን መግዛት የግድ ነው፤ የሚረባ ምትክ የለውም።

እዚህ ከተማ ትልቁ ጠላት ኬሚካል አይደለም፤ ሙቀት ነው። በሚያዝያ ከሮቶ የሚወርደው ውኃ 27 ዲግሪ ለክቼ አውቃለሁ፤ በዚያ ካጠባችሁ ፊልሙ ይጠቁራል፣ ቅንጣቱ ይሻክራል። በረዶ መግዛት ሰለቸኝ፤ አሁን ማታ ውኃውን በእንስራ ቀድቼ ነፋስ በሚነካው በር ሥር አሳድረዋለሁ። እንስራው ሌሊቱን ሲያልበው ያድራል፤ ጠዋት 20፣ ቢበዛ 21 ይሆናል። እናቴ የመጠጥ ውኃ እንዲህ ነበር የምታቀዘቅዘው። የቀለም ፊልም በ38 ዲግሪ ስለሚታጠብ ለሱ ሙቀቱ ችግር አይሆንም፤ እንዲያውም ኬሚካሉን በሙቅ ውኃ ታሞቁታላችሁ።

የወደቡ ልጅ፣ ፖላሮይድህን ውደደው፤ ግን ፋብሪካው ቢዘጋ ምንም ማድረግ አትችልም። ጥቁርና ነጭን ግን ይህች ከተማ ራሷ ልታቆየው ትችላለች።

ከማዶ፦

ባሕር ዳር ተወልጄ ውጭ የምኖር ነኝ። በየዓመቱ ለጥምቀት ስመጣ ለጓደኞቼ ፊልም አመጣለሁ። ሻንጣ ውስጥ አትላኩት፤ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ኤርፖርት ላይ በእጅ እንዲያዩት በትሕትና ጠይቁ፤ በተለይ አዲሶቹ ሲቲ የሚባሉት መፈተሻዎች ያልታጠበ ፊልም ይጎዳሉ። አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ አሳለፍኩና የእህቴ ልጅ ክርስትና ሙሉው ጭጋግ ለብሶ ወጣ። ሌላ ፎቶ አልነበረንም።

ደብረ ማርያም፦

ከርዕሱ ትንሽ እወጣለሁ፤ ይቅርታ። አባቴ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ካረፈ በኋላ አራት የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ነጌቲቭ ቀርቶልናል። ሙሽሮች አሉ፣ ታንኳዎች አሉ፣ ደንገሉ ጥግጥግ ያለበት የድሮ ዳርቻ አለ፤ እምቦጭ የሚባል ነገር ከመታየቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 በፊት መሆኑ ነው። አንዱን ቆርቆሮ ስከፍት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተኝ። ምን ላድርግ?

የኬሚስትሪ መምህር፦

ጥያቄሽን ለብቻው ማንሳት ይገባ ነበር፤ ግን አስቸኳይ ነው። ሽታው የፊልሙ ጀርባ አሲቴት እየፈረሰ መሆኑን ነው የሚነግርሽ፤ ሽታው ደግሞ ይጋባል። ዛሬውኑ የሚሸተውን ከማይሸተው ለዪ። ቆርቆሮ ውስጥ አትመልሻቸው፤ ተራ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ይሁኑ፣ ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ ቦታ። የሚሸተውን አስቀድመሽ ስካን አድርጊ፤ ጊዜ የለውም። እባክሽ አንዱንም አትጣይ፤ ያ ዳርቻ ዳግመኛ አይነሳም።

ጉርድ ፎቶ፦

ደብረ ማርያም፣ አባትሽን ሳላውቃቸው አልቀርም፤ በዚያ ዘመን በጀልባ እየተመላለሱ የሚያነሱ ጥቂት ነበሩ። ስካን የሚያደርግ ካጣሽ ማጉያዬ (ኢንላርጀሬ) አለ፤ በወረቀት እናወጣቸዋለን። የወረቀት ዋጋ ብቻ ነው የምትችይው።

የወደቡ ልጅ፦

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፤ ውጤት ይዤ ነው የመጣሁት።

600 እሽግ አገኘሁ፤ ሳጎርሳት ካሜራዋ ጮኸች። መጀመሪያ የምትተፋው ጥቁር ካርቶን መሸፈኛ ነው፤ ፎቶ አይደለም፤ ለማታውቁ። ፊተኛዋን ወረቀት በስድስት ሰዓት ወደቡ ላይ ጀልባዎቹን አነሳሁባት፤ ሁሉ ነገር ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ውኃው ሳይቀር። ለካ ከ28 ዲግሪ በላይ ቀለሙ ያብዳል። ከዚያ እሽጉን በላስቲክ ጠቅልዬ ለስላሳ ከምትሸጥ ልጅ የበረዶ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ላንሳ ስል አውጥቼ ትንሽ አስታግሼ ነበር። የሚወጣውን ወረቀት ደግሞ ወዲያው በኮቴ ኪስ ጥላ ውስጥ አስገባሁ። ከሦስተኛዋ ጀምሮ ሰማዩ ሰማይ ሆነ።

አምስተኛዋን ደንገል ታንኳ ለሚነዳ ሰውዬ ሰጠሁት። አሥር ደቂቃ አብረን ቆመን ጠበቅን። መጀመሪያ ታንኳው መጣ፣ ከዚያ መቅዘፊያው፣ በመጨረሻ ፊቱ። ዝም ብሎ አያት አያትና «ይቺን አንድ ድገምልኝ፤ ለወንድሜ» አለኝ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ነጌቲቭ የለውም፤ አይደገምም። ሌላ ባነሳው ሌላ ፎቶ ነው እንጂ ያቺ አይደለችም።

ስለዚህ የወሰንኩት እንዲህ ነው። ሠርግ ላይ ትንሿን ማተሚያ እይዛለሁ፤ ቴክ ባሕር ዳር፣ እውነትህን ነው። ፖላሮይዷን ለተለየ ሰው አስቀምጣታለሁ። መቆየት ያለበትን፣ ዳርቻውን፣ ታንኳዎቹን፣ ገበያውን፣ በዜኒት በጥቁርና ነጭ አነሳለሁ፤ የእንስራ ውኃ ካስተማረችኝ ራሴ አጥባለሁ።

ከስምንቱ ሁለቱን ቆጥቤ አዴት ሄጄ ነበር። የሙሽራውን አያት አገኘኋቸው፤ ደጃቸው ላይ አነሳኋቸው። አንዷን ለሳቸው ሰጠሁ፣ አንዷን ይዤ መጣሁ። ጋሼ፣ ዜኒቷን መቼ ላምጣልዎ?

የእንስራ ውኃ፦

ፊልሙን ይዘህ ና፤ እንስራው ዝግጁ ነው።

ጉርድ ፎቶ፦

ቅዳሜ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ በኋላ አምጣት። ቦርሳዋንም ጨምረህ አምጣ፤ ማሰሪያዋን አየዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርግ። የገጠር ሰው ፎቶ ሲያከብር ወስዶ በላስቲክ ያሳሽጋል። አዲስ የወጣ ፖላሮይድ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ደህና አድርጎ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል፤ አሁን ከታሸገ ይበላሻል። ለልጃቸው ደውልና ለእናታቸው እንዲነግሩልህ አድርግ፤ እስከ መስከረም መጽሐፍ መካከል ያቆዩት፣ ፀሐይ አያግኘው።